ተርቦው ለጊዜው መደርደሪያ ላይ ይቆይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የማሽከረክረው ባለ 2 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ተርቦ የተገጠመለት የቤንዚን መኪና ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ እስከ አሁን 110,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ወደ ሥራ የምመላለሰውም በእርሱ ነው። ጉልበቱን ወደ 300 ማሳደግ እፈልጋለሁ። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ መግዛት ስለማልችል በሁለት ዓመት ውስጥ በየደረጃው ልሠራው አስቤአለሁ። ባለፈው ወር ከፋብሪካው የሚበልጥ ተርቦ በጥሩ ዋጋ አግኝቼ ገዝቻለሁ። ከእርሱ ብጀምርና ሌላውን ቀስ በቀስ ባሟላ ምን ይመስላችኋል? «ስቴጅ አንድ»፣ «ስቴጅ ሁለት» የሚባሉትስ ምን ምን ያካትታሉ?

መልስ፦ ተርቦውን በመግዛትዎ አይጸጸቱ፤ ዘይትና አየር የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች በሚገባ ደፍነው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። በዕቅድዎ ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ተርቦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው፤ የሚያመጣውም አየር ብቻ ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ተርቦ ያለው ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ ደግሞ ሙቀቱን ለማብረድ ሲባል ነዳጁ በዛ ተደርጎ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 12 ኪሎ ግራም አካባቢ አየር ይሰጠዋል። አዲሱ ተርቦ አየሩን ጨምሮ ሳለ የነዳጁ መስመር ድርሻውን ማምጣት ካቃተው ድብልቁ ይሳሳል፣ የሲሊንደሩ ሙቀት ይንራል፣ ሞተሩም ማንኳኳት፣ ማለትም ድብልቁ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ጊዜው በድንገት መፈንዳት፣ ይጀምራል። ይህ ማንኳኳት፣ በተለይ በከፍተኛ ዙር ላይ፣ መሪ ለጨበጠ ሰው ሁልጊዜ አይሰማም፤ ብዙዎች የሚያውቁት ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) የሚቀመጥበት የፒስተኑ ጠርዝ ተሸርፎ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ነው።

«ስቴጅ» የሚለው ቃል አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣው መለኪያ እንዳይመስልዎ። የዕቃና የሶፍትዌር ሻጮች ለገበያ ያወጡት ስም ነው። በልማድ ስቴጅ አንድ ሲባል የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ መለወጥ፣ ስቴጅ ሁለት ሲባል ኢንተርኩለር (ተርቦው ያሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) እና የጭስ ማውጫ መጨመር፣ ስቴጅ ሦስት ሲባል ትልቅ ተርቦ ከነነዳጅ መስመሩ መግጠም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአንዱ ሻጭ ስቴጅ ሁለት የሌላው ስቴጅ አንድ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩን ትተው የዕቃውን ዝርዝር መጠየቅ ይሻላል። የእርስዎን ደረጃዎች የሚወስነው የእርስዎ ሞተር ደካማ ጎን ነው፤ ዕቅዱም ከመጨረሻው ግብ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይነደፋል።

ለዚህ ከፋብሪካዎቹ ራሳቸው የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ሰባተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ለአውሮፓ ገበያ ሲቀርብ፣ ጂቲአይ የተባለው ሞዴል 220፣ ጎልፍ አር የተባለው ደግሞ 300 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ሁለቱም ሞተሮች ባለ 2 ሊትር፣ ባለ ተርቦ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሆኖም ልዩነቱ በሶፍትዌር ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ፋብሪካው ለአር ሞዴሉ ከትልቁ ተርቦ ጋር ቴስታታውን፣ የጭስ ቫልቮቹንና መቀመጫቸውን፣ የቫልቭ ሞላዎቹን፣ ፒስተኖቹንና ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ለውጧል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ቶርኩ፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞርበት የመጠምዘዝ ኃይል፣ ነው፤ የጂቲአይ 350፣ የአር ደግሞ 380 ኒውተን ሜትር ነበር። ጉልበቱ በ80 ሲያድግ ቶርኩ ያደገው በ30 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ቶርኩን በደቂቃ ዙር አባዝተው ለ7,023 ቢያካፍሉ የፈረስ ጉልበቱን ያገኛሉ፤ 380 ኒውተን ሜትር በ5,500 ዙር ላይ ወደ 298 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። መሐንዲሶቹ ጉልበቱን ያገኙት ሞተሩ ከፍ ባለው ዙር ላይ እንዲተነፍስ በማድረግ ነው እንጂ ከታች በመግፋት አይደለም። ቢየላ (ፒስተኑን ከማዞሪያው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን) የሚያጣምመው፣ ፍሪሲዮን የሚያንሸራትተው፣ የካምቢዮ ጥርስ የሚሰብረው በዝቅተኛ ዙር ላይ በድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ቶርክ ነውና፣ እርስዎም ፕሮግራሙን ለሚጽፍልዎ ባለሙያ «300 አድርግልኝ» ከማለት ይልቅ «ከ3,500 ዙር በታች ቶርኩን ገደብ አድርግልኝ፣ ጉልበቱን ከላይ ስጠኝ» ቢሉት ሞተርዎ ዕድሜው ይረዝማል። መኪናው መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ የለዘበ ይመስልዎት ይሆናል፤ እኔ በበኩሌ ይህን ዋጋ በደስታ እከፍላለሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደረጃ አንድም የፈረስ ጉልበት የማይጨምር ነው። 110,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ተጨማሪ ጫና ከመሸከሙ በፊት ጤንነቱ መታወቅ አለበት። ሞተሩ እንዲሞቅ ከተደረገ በኋላ አራቱም ካንዴላዎች ይፈቱ፣ የነዳጅና የእሳት መስመሩ ይቋረጥ፣ ከዚያም የነዳጅ መስጫው ፔዳል እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩን በሞተሪኖ እያዞሩ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካ። ሦስቱ ሲሊንደሮች 12 ባር አካባቢ ሲያሳዩ አራተኛው 9 ቢያሳይ ልዩነቱ 25 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ 10 በመቶ ሲደርስ መጠራጠር፣ 15 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ዕቅዱን አቁሞ መጠገን ያስፈልጋል። መንስኤውን ለመለየት በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሰው መለኪያውን ይድገሙ። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን፣ ንባቡ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፤ ንባቡ ካልተንቀሳቀሰ ግን ግፊቱ የሚያመልጠው በቫልቭ ወይም በቴስታታ ጓርኒሲዮን በኩል ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም።

ከዚሁ ጋር ከተርቦው እስከ ሞተሩ ያለው የአየር መስመር በጭስ ወይም በዝቅተኛ ግፊት አየር ተሞልቶ የሚያፈስ ቦታ እንደሌለው ይረጋገጥ። ከዓመታት በፊት በራሴ መኪና ላይ የደረሰውን ላንሣ። ፕሮግራሙ ከተለወጠ በኋላ መኪናው ከ5,000 ዙር በላይ ይደክም ስለነበር ለሦስት ሳምንት ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው ስወቅስ ቆየሁ፤ በመጨረሻ የተገኘው ከኢንተርኩለሩ በሚወጣው የጎማ ቱቦ ላይ፣ በማጥበቂያው ቀለበት ሥር የተደበቀ፣ የጥፍር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነበር። ግፊቱ ሲጨምር ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲቀንስ ይዘጋል። ተርቦው ያመለጠውን አየር ለማካካስ ከሚገባው በላይ ሲሽከረከር ከርሟል፤ የተርቦው ኩሽኔታም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ካንዴላ፣ ዘይት፣ ፊልትሮና የማቀዝቀዣ ውኃው በዚሁ ደረጃ ይታደሱ። የተርቦ ግፊት ሲጨምር እሳቱ በካንዴላው አፍ ላይ ለመዝለል ስለሚቸገር፣ ከፋብሪካው በአንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ያለ (ሙቀቱን ፈጥኖ የሚያስተላልፍ) እና ክፍተቱ ጠበብ ያለ፣ ለምሳሌ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ካንዴላ መምረጥ የተለመደ ነው። መለኪያም ያስፈልግዎታል፦ የአየርና የነዳጁን ድብልቅ በትክክል የሚያነብ ሰፊ ክልል ያለው የኦክስጅን ሴንሰርና የሞተሩን ኮምፒውተር ንባብ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ መሣሪያ። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ግዥዎ ይህ መሆን ነበረበት።

ቀጥሎ የነዳጁ ስሌት ይመጣል፤ ይህ በወረቀት ላይ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ዛሬውኑ ሊሠሩት ይችላሉ። ተርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ያህል ቤንዚን ይበላል ብለን እንነሣ። ለ300 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 81 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 110 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለአራት ኢንጀክተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ በደቂቃ 456 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ኢንጀክተር ከ85 በመቶ በላይ ጊዜውን ተከፍቶ እንዲቆይ ስለማይፈለግ፣ የሚያስፈልግዎ 540 ሚሊ ሊትር የሚያወጣ ነው፤ በገበያ ካለው 550 ወይም ከዚያ ከፍ ያለውን ይወስዳሉ። በአንጻሩ ለ200 የፈረስ ጉልበት የሚያስፈልገው በዚሁ ስሌት 360 ብቻ ስለሆነ፣ ፋብሪካው የገጠመልዎ ኢንጀክተር ለ300 ሊበቃ እንደማይችል ሳይፈቱት መገመት ይቻላል። የነዳጅ ፖምፓም እንዲሁ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ፖምፓው ከሚሠራበት ባነሰ ግፊት የተለካ ሊሆን ስለሚችል፣ በትክክለኛው የመሥሪያ ግፊት 110 ሊትሩን ከነመጠባበቂያው እንደሚያወጣ ሠንጠረዡን ተመልክተው ይግዙ። ሞተርዎ ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ዓይነት ከሆነ ግን ይህ ስሌት መነሻ ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ ገደቡ በአልቤሮ ካም (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) የሚነዳው የከፍተኛ ግፊት ፖምፓ ስለሚሆን ለሞዴሉ የተዘጋጀውን መፈለግ ግድ ይላል።

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያድን አንድ ነገር አለ። ሞተሩ የሚተነፍስበት ወይም ነዳጅ የሚያገኝበት ዕቃ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ መስተካከል አለበት፤ በየጊዜው አንድ ዕቃ እየገዛ የሚገጥም ሰው ለአምስት ዕቃ አምስት ጊዜ የማስተካከያ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ዕቃዎቹን ከሁለት ማስተካከያ በማይበልጥ መልኩ ይቧድኑ፦ የመጀመሪያው ኢንተርኩለሩና የጭስ ማውጫው ሲገጠሙ፣ ሁለተኛው ተርቦው፣ ኢንጀክተሮቹና ፖምፓው ሲገጠሙ። በሁለቱም ጊዜ መኪናው በዳይኖ (ጉልበትን በሚለካው ማሽን) ላይ ይለካ፣ የሚጠቀሙበት ቤንዚን ኦክቴን ቁጥርም (ማንኳኳትን የመቋቋም መለኪያው) ይጻፍ። በ98 ኦክቴን የተስተካከለ ሞተር 91 ሲቀዱለት ከማንኳኳት የሚያድነው ማንኳኳቱን የሚያዳምጠው ሴንሰር ብቻ ነው፤ ሴንሰሩም የሚነቃው ማንኳኳቱ ከጀመረ በኋላ ነው።

ኢንተርኩለሩን ከተርቦው ማስቀደሜ ሊያስገርምዎ ይችላል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በእጥፍ ሲታመቅ፣ መጭመቂያው 70 በመቶ ውጤታማ ቢሆን፣ ወደ 110 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሞተሩንም ለማንኳኳት ያቀርበዋል። ከፍታ ቦታ ላይ ለሚነዱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦው ወደዚያው የግፊት መጠን ለመድረስ አየሩን 2.7 ጊዜ ያህል ማመቅ ይኖርበታል፤ በዚሁ ስሌት አየሩ ከ150 ዲግሪ በላይ ሞቆ ይወጣል። የፋብሪካው ትንሽ ኢንተርኩለር ይህን አንድ ጊዜ ይችለዋል፤ በሦስተኛው ጠንከር ያለ ፍጥነት ግን እርሱም ራሱ ይግላል። ስለሆነም የሚገዙት ኢንተርኩለር ለ300 የሚበቃ ይሁን፤ ለ240 የሚበቃ ገዝቶ በዓመቱ መሸጥ ኪሳራ ነው።

የጭስ ማውጫውን በተመለከተ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ማውለቅ በብዙ አገሮች ሕግ ለመንገድ መኪና የተከለከለ ነው፤ መተላለፊያው ሰፋ ያለና ጋዙን የሚያጠራ ኮንቨርተር የሚገኝ ስለሆነ ወደዚያ ያዘንብሉ።

በመጀመሪያው ማስተካከያና በተርቦው መካከል ፍሬንና ፍሪሲዮን ይግቡ። የሚንቀሳቀስ መኪና የሚሸከመው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከ140 ኪሎ ሜትር መቆም ከ100 ከመቆም ሁለት እጥፍ ያህል ሙቀት ወደ ፍሬኑ ይጭናል። ጥሩ ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት ለመጀመሪያው ይበቃሉ፤ ዶት 4 ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የመፍያ ነጥቡ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

ይህ ሁሉ ሲሟላ ተርቦው ከመደርደሪያው ይውረድ። በዚያን ጊዜ እንኳ መጠኑ ለእርስዎ አነዳድ የሚስማማ መሆኑን ደግመው ያጣሩ፤ እጅግ ትልቅ ተርቦ እስከ 4,500 ዙር ድረስ ተኝቶ ከዚያ በድንገት የሚነሣ ከሆነ፣ ወደ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ከፋብሪካው ትንሽ ተርቦ የባሰ ነው። ከገጠሙት በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ በሞተሪኖ ጥቂት ዞሮ ዘይቱ ወደ ኩሽኔታው እንዲደርስ ያድርጉ። ተቀጥቅጠው የተሠሩ ፒስተኖችና ቢየላዎች ያስፈልጉኛል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ መልሱ በሞተርዎ ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ቶርኩ በገደብ ከተያዘና ቤንዚኑ ጥሩ ከሆነ ብዙ ባለ 2 ሊትር ሞተሮች 300ን በፋብሪካ ዕቃቸው ይሸከማሉ፣ ፒስተናቸው ደካማ በመሆኑ የታወቁት ግን አይሸከሙም። የእርስዎ ከኋለኞቹ ከሆነ ግቡን 260 ላይ አድርገው ተርቦውን ይሽጡት።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ባለ 1.6 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው፣ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። እኔም በደረጃ ማሳደግ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚያገኙት ጥቂት፣ የሚያወጡት ብዙ ነው። ተርቦ በሌለው ሞተር ላይ ፕሮግራም ብቻ መለወጥ የሚጨምረው ጥቂት በመቶ ነው፤ የአየር ፊልትሮ ብቻውን የሚጨምረው በአመዛኙ ድምፅ ነው። እውነተኛው ለውጥ የሚመጣው አልቤሮ ካም፣ የጭስ መሰብሰቢያ ቱቦና የአየር መግቢያው ተጣጥመው አብረው ሲለወጡ ስለሆነ፣ በእርስዎ ሁኔታ ደረጃ መከፋፈል ራሱ ብዙ ትርጉም የለውም። ካሙ ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ስለሚገፋው ከታች የነበረውን ያሳጣዎታል። ከመኪናዎ 1,200 ኪሎ ግራም ላይ 60 ኪሎ ቢቀንሱ ወደ 7 የፈረስ ጉልበት እንደ መጨመር ይቆጠራል፤ ያም በፍሬኑም በመታጠፉም ያገለግልዎታል። ተርቦ ልጨምርበት ካሉ፣ የመጭመቂያ ምጣኔው ከፍ ያለ ሞተር ለማንኳኳት ቅርብ ስለሆነ በዝቅተኛ ግፊት ብቻ ነው የሚሠራው፤ እኔ ብሆን ሸጬው ከፋብሪካ ተርቦ ይዞ የወጣ እገዛ ነበር።

ጥያቄ፦ የመጨረሻውን ደረጃ ጨርሼ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን አስገባሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ቀጭን የኳኳታ ድምፅ ያሰማል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ተሳስቶ ተገጥሞ ይሆን?

መልስ፦ ከገለጹት አንጻር ሲታይ ያልተሳሳተ ይመስላል። ለብዙዎቹ ፎርጅድ ፒስተኖች የሚያገለግለው 2618 የተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ሲሊኮን የሌለው ያህል ስለሆነ ሲሞቅ በብዙ ይሰፋል። ስለዚህ ሲገጠም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ያለው ክፍተት ሰፋ ተደርጎ ይተዋል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ፒስተኑ ወዲያና ወዲህ እየተንገጫገጨ የሚሰሙትን ድምፅ ያሰማል፣ ሲሞቅና ሲሰፋ ግን ዝም ይላል። የውኃው መለኪያ መሐል ላይ ሲደርስ ዘይቱ ገና ስለማይሞቅ ከዚያ በኋላም ለጥቂት ደቂቃዎች ዙሩን ከ3,000 በታች ይያዙት። ድምፁ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ከቀጠለ፣ ከዙሩ ጋር እየወፈረ ከሄደ፣ የዘይቱም ግፊት ዝቅ ካለ፣ የሚጠረጠረው ብሮንዚናው (የማዞሪያው ዘንግ የሚንሸራተትበት ሽፋን) ነው። ያን ጊዜ የዘይት ፊልትሮውን አውጥተው ቆርጠው ይክፈቱት፣ ወረቀቱን በብርሃን ላይ ዘርግተው ይመልከቱት፤ የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ ካዩ ሞተሩን ደግመው አያስነሡት፣ መኪናው ወደ ጋራዥ ተጎትቶ ይሂድ።